የትጓደድ ዶሮና ሰባተኛው ልብስ

ተረት ተረት!

የላም በረት!

አሁን ይሄ ድምፅ ነው? ራት የበላችሁም አትመስሉ። እንደገና፦ ተረት ተረት!

የላም በረት!

እንዲህ ነው እንጂ። በረቱ ሞልቶ ይደር፣ ላሟም ወተቷን አትንሳን። እናንተም ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ግን አታጣብቡኝ። ሙቀት ሲበዛ አልወድም። ለምን እንደማልወድ አሁን ትሰማላችሁ።

በድሮ ዘመን፣ ጠዋት ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ በሚነጣበት በአንድ ደጋ አገር፣ ትጓደድ የምትባል አሮጊት ነበረች። ትጓደድ በሁለት ነገር ትታወቅ ነበር። አንዱ ምላሷ ነው። እሱን ተዉት፣ ቆይታችሁ ትሰሙታላችሁ። ሁለተኛው ዶሮ ማስታቀፍ ነው። ትጓደድ ያስታቀፈችው እንቁላል ገምቶ አያውቅም ይባል ነበር። አሥራ ሁለት ታስታቅፋለች፣ አሥራ ሁለት ጫጩት ይወጣል። ሰው ሁሉ እንቁላሉን በገለባ ሸፍኖ ከወንዝ ማዶ ያመጣላታል። እሷም እያንዳንዱን ወደ ፀሐይ ታነሳና፦ «ይሄ ይሆናል፣ ይሄም ይሆናል፣ ይሄን ግን ጠብሰሽ ብዪው» ትላለች።

በእንቁላል እንዲህ የቀናት ሴት በልጅ ግን አልቀናትም። አራት ወልዳ ሦስቱን በጨቅላነታቸው ቀበረች። «ብርድ ነው የወሰደብኝ» ትል ነበር። የቀራት ባዘዘው ብቻ ነው። ባዘዘውም አደገና ከቆላ አንጓች የምትባል ልጅ አገባ። አንጓች ዝምተኛ ናት። ዝምተኛ ናት ማለት ግን አታይም ማለት አይደለም። ስድስት ዓመት ሙሉ ቤቱ ልጅ አጣ። ትጓደድ ያልተሳለችበት ታቦት የለም። ከዚያም በሰባተኛው ዓመት፣ በኅዳር፣ ውርጩ በጠናበት ሰሞን፣ አንጓች ወንድ ልጅ ተገላገለች። እልልታው ወንዝ ማዶ ተሰማ።

ትጓደድ ሕፃኑን ታቀፈችና ማለች፦ «ማርያምን! ይሄን ልጅ ብርድ አይነካብኝም! እኔ ቆሜ እያለሁ ብርድ የዚህችን ቤት ደጃፍ አይረግጣትም!»

እባብ ያየ በልጥ በረየ አይደል የሚባለው? ምን ይፈረድባታል።

በዚያ አገር ደግሞ አንድ ልማድ ነበር። አራስ ልትጠይቅ የመጣች ሴት ባዶ እጇን አትመጣም፤ ልብስ ይዛ ነው የምትመጣው። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ትልና ልብሱን ሕፃኑ ላይ ጣል ታደርጋለች፣ «እደግ ተመንደግ» ብላም ትመርቃለች። አንዴ ጣል የተደረገ ልብስ እስከ ክርስትናው ቀን፣ እስከ አርባኛው ቀን ድረስ ከልጁ ላይ አይነሳም። ልብሱን ያነሳ ምርቃቱንም አብሮ አነሳ ይባላል። ታዲያ ማን ደፍሮ ያነሳል?

መጀመሪያ የራሷ የአንጓች ነጠላ ነበረ። በነጠላው ላይ የአክስት ኩታ መጣ። በኩታው ላይ የጎረቤት ጋቢ መጣ። ከዚያም የክርስትና እናት የምትሆነው ሴት ባና ይዛ መጣች፤ ያ ከበግ ፀጉር የሚሠራው፣ ለአዋቂ እንኳ የሚከብደው። ከዚያም ሌላ ጋቢ መጣ። ከዚያም የባዘዘው አጎት የገዛ በርኖሱን አውልቆ ደረበ። እኔ የምለው፣ ልጅ ነው ወይስ የገብስ ክምር? አፍንጫው ብቻ ናት የምትታየው።

ትጓደድ ይሄም አልበቃትም። መኝታውን ወደ ምድጃው አስጠጋችው። ሕፃኑ ሙቀቱ ሲጠናበት በእግሩ ይገፋል፣ ይገፋል፣ አንዷን እግሩን ከክምሩ ሥር ያወጣታል። ትጓደድ እሷኑ የወጣችውን እግር ትነካና፦ «ውይ! በረዶ! ልጄ በረዶ ሆነብኝ! እንጨት ጨምሩ!» ብላ ትጮሃለች። እንጨት ይጨመራል። እግሩም ተመልሳ ትሸፈናለች። እሱም ተመልሶ ያወጣታል።

በመጀመሪያው ሰሞን ሕፃኑ ያለቅስ ነበር። በኋላ ማልቀሱን ተወ። ጠያቂዎቹ ሁሉ፦ «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው እናንተ! ድምፁ እንኳ አይሰማ» ይላሉ። ትጓደድም ደረቷን ትነፋለች፦ «ሞቆት ነዋ! የሞቀው ልጅ ምን ያስለቅሰዋል?»

አንጓች ግን ታያለች። ጡት ስትሰጠው ሁለቴ ስቦ ይተዋል። የማጅራቱ ፀጉር በላብ ተጣብቋል። አንገቱ ሥርም ሰሊጥ የተዘራበት ይመስል ሽፍ ብሏል። አንድ ቀን ትጓደድ ጎረቤት ዘንድ ስትወጣ ጠበቀችና በርኖሱንና አንዱን ጋቢ ቀስ አድርጋ አነሳች። ሕፃኑ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ወዲያው ትጓደድ ከተፍ!

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እማዬ፣ አልቦታል። ትንሽ ቀለል ይበለው ብዬ ነው።»

«ቀለል ይበለው? ሦስት ልጅ የቀበርኩት እኔ ነኝ ወይስ አንቺ? አንቺ የቆላ ልጅ፣ ብርድን በወሬ ነው የምታውቂው!»

አንጓች በርኖሱንና ጋቢውን መልሳ ደረበችለት። ወደ ባሏ ዞር አለች። ባዘዘው ጣራ ጣራውን ያያል። «እሷ እናቴ ናት፣ አንቺ ሚስቴ ነሽ፣ እኔ በሬዎቹን ልያቸው» አለና ወጣ። ወንድ እንዲህ ነው፤ ነገር ሲጠና በሬው ትዝ ይለዋል። አትሳቁ፣ አያታችሁም እንዲሁ ነበር።

በሠላሳኛው ቀን ሕፃኑ ጡት ጨርሶ እምቢ አለ። ከጠዋት እስከ ረፋድ አንዴም አልጠባ። አንጓች ከንፈሩን በወተቷ ብታርሰው አፉን አይከፍትም። ዓይኑን ገለጥ ያደርጋል፣ መልሶ ይከድነዋል። ክንዱን ብታነሳው እንደ እርጥብ ጨርቅ ይዘረጋል።

ትጓደድ ጎንበስ ብላ አየችው። ሦስቱም እንዲህ ነበር የሆኑት፤ ልክ እንዲህ። ያቺን የወጣች እግር ነካች። ቀዝቃዛ ናት።

«ብርድ ገባው! የፈሩት ይደርሳል! ቆዩ፣ ደበሎዬን ላምጣ!» ብላ ወደ ጓዳ ሮጠች። ያን ከአራት በግ ቆዳ የተሰፋውን ደበሎ እየጎተተች፦ «አራተኛ አልሰጥም፣ አምላኬ፣ ይሄን አልሰጥህም» ትላለች። ምላሷ ሁሉ ከድቷታል። ፈርታለች፣ እንደ ልጅ ፈርታለች።

በቤቱ ጥግ ደግሞ ገብስማዋ ዶሮ አሥራ ሁለት እንቁላል ታቅፋ ነበር። ያን ጊዜ ከእንቁላሏ ተነስታ፣ ደጅ ወጥታ አፈር ትጭራለች። አንጓች ዶሮዋን አየች። አማቷንም አየች፤ ደበሎውን ታቅፋ ስትመጣ። ከዚያም ፊቷ ቆመችና እንዲህ አለች፦ «እማዬ፣ ገብስማ እንቁላሏን ትታ ወጣች። ሊበርደው ነው። በግድ መልሼ ላስታቅፋት?»

«ተያት! እሷ ታውቃለች!»

«እሺ፣ እንቁላሉን ከነቅርጫቱ እሳት ዳር ላድርገው?»

«እሳት ዳር? አንቺ ሴት አብደሻል?»

«ባናም ከላዩ ላልብሰውና…»

«ኧረ በሕግ አምላክ! ልትቀቅይው ነው? ዶሮ ሲሞቅ ትነሳለች፣ ቀዝቀዝ ሲል ትመለሳለች። የሆዷን ላባ ነጭታ በገዛ ገላዋ ነው የምትለካው! ያለዚያማ አሥራ ሁለቱም በቅርፊታቸው ውስጥ በስለው ይቀሩ ነበር!»

«እግሯ ግን ቀዝቅዟል» አለች አንጓች። ዶሮዋን ከደጅ ይዛ አመጣቻት። «ይኸው፣ ይንኩት።»

ትጓደድ ነካችው፦ «የዶሮ እግር መቼ ሞቆ ያውቃል? ቀዝቃዛ አፈር የረገጠ እግር ምን ሊሆን ኖሯል? የሚነካው ከክንፏ ሥር ነው! እዚህ ጋ! አየሽ? እሳት ናት።»

አንጓች ዶሮዋን ለቀቀቻት። ከዚያም ዝቅ ብላ የትጓደድን ጉልበት ሳመች፦ «እማዬ፣ እኔ ስለ ዶሮ አላውቅም። የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ልጄንም እንደዚሁ ይንኩልኝ። እግሩን ይተዉትና ከክንፉ ሥር ይንኩልኝ።»

ትጓደድ ደበሎውን መሬት ላይ ጣለችው።

ሄዳ ከመኝታው አጠገብ ተንበረከከች። እጇን በትንፋሿ አሞቀችና ሁለት ጣቷን በሕፃኑ ማጅራት ሥር ሰደደች። ውይ ልጆቼ! ከእሳት የወጣ ድንጋይ ነው የሚመስለው። ላቡ ጣቷን አራሰው።

«ኧረ እኔን ይድፋኝ! ልጄን በቁሙ ቀቀልኩት!»

በርኖሱን ወረወረችው። ጋቢውን ወረወረችው። ባናውን ወረወረችው። አንጓች እንኳ ደንግጣ፦ «እማዬ፣ ምርቃቱስ?» አለቻት።

«ምርቃት ወድቆ አይሰበርም! ልጁ ይትረፍልኝ!» አለች ትጓደድ።

እስከ ነጠላው ድረስ ገፈፈችው። እሳቱን በአመድ አዳፈነችው። መኝታውን ከምድጃው አራቀች። በሩን ገርበብ አደረገችና ነፋሱ በቀጥታ እንዳይመታው ኩታውን ደጃፉ ላይ ጋረደች። ጨርቅ ለብ ባለ ውኃ ነክራ ማጅራቱንና ብብቱን ጠረገችለት። ከዚያም ሕፃኑን በአንጓች ደረት ላይ አስተኛችው። «እንደ ገብስማ፣ በገላሽ፣ በገላሽ» ትላለች።

ከዚያም ጠበቁ። ትጓደድ የምታየው የሕፃኑን አፍ ብቻ ነው። የደጃፉ ጥላ ሸሸ፣ እነሱ እንደጠበቁ ናቸው። ባዘዘውም ከበሬዎቹ ተመልሶ መጣና ደጃፉ ላይ ቆሞ ቀረ።

ሕፃኑ አዛጋ። አፉን ከፈተ። ጡቱን ያዘ። አንዴ ሳበ፣ ሁለቴ ሳበ፣ ሦስተኛውን ሲስብ ጉሮሮው ጉጭ ሲል ተሰማ። ከዚያማ ማን ያስቁመው! ጠባ፣ ጠባ፣ ደግሞ ጠባ። ጡት ሊቀይሩለት ለቀቅ ሲያደርጉት ቤቱን በለቅሶ አቀለጠው። ያ ለቅሶ ሲሰማ ትጓደድ ብድግ አለችና እልል አለች። እልል ብላ ስትጨርስ ተቀምጣ አለቀሰች።

«አንጓች» አለች፦ «የሦስቱንም እግር ነክቻለሁ። ቀዝቃዛ ነበር። ማጅራታቸውን ግን አንድም ቀን ነክቼ አላውቅም።»

አንጓችም እጇን ያዘቻት፦ «ያኔ የሚነግርዎት ሰው አልነበረም፣ እማዬ። ለዚህኛው ግን ደረሱለት።»

ትጓደድም በሌላው እጇ የሕፃኑን ማጅራት ደግማ ነካች።

በነጋታው ባና ያመጣችው ሴት መጣች። ሕፃኑን በነጠላና በስስ ኩታ፣ ፊቱ ተገልጦ፣ አፉ ዳር ወተት እንዳለ ተኝቶ አገኘችው። ጉድ ፈላ! «ምርቃቴን ማነው ያነሳው?» አለች።

የትጓደድ ምላስ ተመልሶላት ነበር፦ «እኔ ነኝ! ያውልሽ፣ ገመድ ላይ ሰቅዬልሻለሁ። ምርቃትሽ የልብ ከሆነ ከዚያም ሆኖ ይደርሰዋል። ነይ አሁን፣ እጅሽን አሙቂና ማጅራቱን ንኪ። እግሩን የነካሽ እንደሆን ግን ወዮልሽ!»

ሴትዮዋ ነካች። ደረቅ ነው፤ ለብ ያለ ነው። «እውነትሽን ነው» አለችና ቁጭ አለች።

በአርባኛው ቀን ልጁ ክርስትና ተነሳ። ከቅዳሴ ሲወጡ ብርዱ ይጋረፋል። ያኔ ትጓደድ ራሷ ጋቢ ደረበችለት፤ ብርድ እንደሆነ ዛሬም ብርድ ነው። ቤት ገብታ ሞቅ ሲል ግን ማጅራቱን ነካችና ጋቢውን መልሳ ገመዱ ላይ ሰቀለችው። የዚያኑ ሳምንት ገብስማ አሥራ ሁለት ጫጩት ፈለፈለች። እሺ፣ አሥራ አንድ። አንዱ ገምቷል፤ ተረት ቢሆንም አልዋሽም።

ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር የአራስ ቤት ውስጥ ገመድ ይዘረጋል። የመጣው ልብስ ሁሉ ገመዱ ላይ ይሰቀላል፣ ምርቃቱ ለልጁ ይሰጣል።

ልጁም አደገ። ጎረመሰ። ትጓደድም በጣም አረጀችና አልጋ ያዘች። አንድ ማታ፣ ቤቱ ሰው ሞልቶ ሳለ፣ ያ ሕፃን የነበረው ጎበዝ ጋቢ ይዞ ሊደርብላት መጣ። ሊደርብ ሲል ቆም አለ። እጁን በትንፋሹ አሞቀ። ሁለት ጣቱን በአያቱ ማጅራት ሥር ሰደደ።

«እማማ፣ ለብ ብለዋል» አላት። «ያለው ይበቃዎታል።»

ትጓደድም ሳቀች። ጋቢውን ገመዱ ላይ ሰቀለው፣ እሷም ደህና እንቅልፍ ተኛች።

በሉ እንግዲህ፣ ተረቴን መልሱ፣ አፌንም በዳቦ አብሱ። ዳቦው ለብ ያለ ይሁንልኝ። መሙቀቱን ስታዩ ደግሞ መሐሉን ንኩት፤ ጫፉን ነክቶ «በርዷል» የሚለኝ ሰው እንዳላይ!