አረቄ የጠጣው ቁስል

የበደለችኝ ሲስተር ጥሩዘር ናት። ክፍል ሙሉ በሽተኛ እየሰማ የእግሬን ፋሻ ፈትታ፣ «እማማ ድንቄ፣ ይሄማ ሸቷል! ነገ ከቁስሉ ጠርገን ላቦራቶሪ እንልካለን» አለች።

እኔ ድንቄ እሸታለሁ? ቤቴን ሳልጠርግ እንግዳ ተቀብዬ አላውቅም። ከጎን ካለችው በሽተኛ ጠያቂ አረቄ ለምኜ ቁስሉን አጠብኩት። ነፍሴ ልትወጣ ነበር፤ ግን ጸዳሁ። ጥሩዘርም ጠዋት መጥታ በጥጥ ጠርጋ ወሰደች።

የምፈልገው ቤቴ መግባት ብቻ ነው። ቁስሉን «ግጠም» አልኩት። «ጀርሙ ካልወጣ አልገጥምም» አለ። ጀርሙን «ውጣ» አልኩት። «መርፌው ካልገደለኝ አልወጣም» አለ።

በየቀኑ የሚወጉኝን መርፌ «ግደለው» አልኩት። «ከጀርሙ ጋር ተላምደናል፤ የለመዱት ይገደላል?» አለኝ። ጉድ በሉ! እኔ ከጎረቤቶቼ ጋር ዕድሜዬን ሙሉ አልተላመድኩም፤ እነሱ እግሬ ላይ ተላመዱ! እንግዲህ መርፌው አይገድል፣ ጀርሙ አይወጣ፣ ቁስሉ አይገጥም፣ እኔም ቤቴ አልገባ።

ዶክተር በፍርዱን «ሌላ መርፌ ስጠኝ» አልኩት።

«የቱን? ላቦራቶሪው ካልነገረኝ በጭፍን አልወጋዎትም። ከቆየ ደግሞ፣ እማማ፣ እግርዎ ሊቆረጥ ይችላል።»

ላቦራቶሪውን «ንገረው» አልኩት። «ሳህኑ ካላበቀለ ምን ልንገረው?» አለ። ከቁስሌ የተጠረገውን የዘሩበትን ሳህን «አብቅል» አልኩት። «ያልተዘራብኝን?» አለ።

እንግዲህ ሳህኑ አያበቅል፣ ላቦራቶሪው አይናገር፣ ሐኪሙ አይመርጥ፣ መርፌው አይገድል፣ ጀርሙ አይወጣ፣ ቁስሉ አይገጥም፣ እኔም ቤቴ አልገባ።

ጥሩዘር መጣች። «እማማ፣ ሳህኑ ባዶ ነው። ቁስሉን ምን ነክተውት ነው?»

«ምን እነካዋለሁ? ሰው ይመጣል ብዬ በአረቄ አጠብኩት እንጂ።»

አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ በሳቅ ፈረሰች። «እኛ የምንፈልገው እኮ ቆሻሻውን ነው! እርስዎ ጀርሙን አስክረው ላኩልን!»

ክፍሉ ሁሉ ሳቀብኝ። ከኩራቴና ከእግሬ አንዱ መቆረጡ ካልቀረ ብዬ፣ ኩራቴን ቆረጥኩ። እጄን ሰብስቤ፣ ቁስሉን ሳልነካው፣ እየሸተተኝ ሰነበትኩ።

ጥሩዘር እንደገና ጠረገች። ሳህኑ አበቀለ። ላቦራቶሪው «ይሄን ተላምዷል፣ ያንንም ተላምዷል፣ ይሄኛውን ግን አያውቀውም» ብሎ ተናገረ። ሐኪሙ መረጠ፣ አዲሱ መርፌ ገደለ፣ ጀርሙ ወጣ፣ ቁስሉ ገጠመ፣ እኔም ቤቴ ገባሁ።

በማግስቱ ጠዋት ጫማ ልገዛ ገበያ ወረድኩ። ባለሱቁ የአንዱን እግር ጫማ ብቻ ቢያስለካኝ፣ «ሌላውንም አምጣው እንጂ፣ ሁለት እግር አለኝ!» አልኩት።