ገመዱ የሚነቀልለት ፕሮግራም

ኢንጂነር መንክር በሚመሩት ድርጅት ውስጥ የኤሌክትሪክ ንድፍ የምትሠራ አንዲት ምላሰኛ ሴት ነበረች። ንድፉን የምትሠራው ከኢንተርኔት ባወረደችው ነፃ ፕሮግራም ነው። ድርጅቱ የሚኮራበት ውድ ፕሮግራም ደግሞ ከወዳጅ ቤት ሳይከፈልበት በፍላሽ ተገልብጦ የመጣ ስለሆነ፣ የፕሮግራሙ ባለቤቶች በኢንተርኔት እንዳይደርሱበት በተከፈተ ቁጥር የኢንተርኔቱ ገመድ ይነቀላል።

አንድ ቀን ኢንጂነሩ በደንበኞች ፊት አስጠሯትና፣ «የእኛ ድርጅት በምጽዋት ዕቃ አይሠራም! ወይ በውዱ ትሠሪያለሽ፣ ወይ ሥራሽን ትለቂያለሽ» አሏት።

«እሺ ኢንጂነር» አለች። «የእኔን የሠሩት ሰዎች ወደው ሰጥተውኛል። የእርስዎን የሠሩት ግን መስጠታቸውን ገና አልሰሙም። ዛሬ ገመዱን ሳልነቅል ልክፈተውና ይስሙ?»

«ተይው» አሉ ኢንጂነሩ፤ «በለመድሽው ቀጥዪ።»