ጅብ የተሾመበት ነጋሪት

አንድ ጊዜ፣ በበጋ ወራት ኩሬ ኩሬው ብቻ የሚቀር አንድ የቆላ ወንዝ ነበር። የአካባቢው እንስሳት ሁሉ አሸዋው ላይ ወርደው ይጠጣሉ፤ ልጆቻቸውንም እዚያው ያውላሉ። አደጋ ሲመጣ ያየ ይጮሃል፣ የሰማ ይሮጣል፤ ሌላ ወግ አልነበራቸውም። ከሁሉ አብልጣ የምትጮኸው ዳለቻ የምትባል አህያ ነበረች። ድምፅሽ ያምራል ብሎ የዋሸላት የለም። ግን ስንቱ ግልገል በዚያ ድምፅ ተርፏል።

ጩኸቱ የቀን እንቅልፉን የሚያቋርጥበት ንጉሥ አንበሳ ግን ተማረረና ቀበሮን አማካሪ አድርጎ ሾመ። ቀበሮም ብዙ ሳይቆይ እንስሳቱን ሰብስቦ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ከዛሬ ጀምሮ አዲስ የመረጃ ሥርዓት ተዘርግቷል» አለ። «ማንም እንደፈለገው አይጮህም። ወሬ ያለው ለእኔ ይነግረኛል። እኔ አጣራለሁ። የተጣራውን ለአያ ጅቦ አስተላልፋለሁ። አያ ጅቦ ነጋሪቱን ይጎስማል። አንድ አገር፣ አንድ ድምፅ።»

ነጋሪቱ አዲስ ነው፤ ቆዳው ገና ይሸታል። ጅብ እሱን ታቅፎ በኩራት ቆሟል፣ ምራቁ ይንጠባጠባል። ቀበሮ ጅብን የመረጠው ጥያቄ ስለማይጠይቅ ነበር። እንግዲህ ቆዳን ለጅብ አደራ የሰጠ አማካሪ ምን ዓይነት አማካሪ እንደሆነ እናንተው ፍረዱ።

ዳለቻ ከኋላ ሆና ጠየቀች። «ጎርፍ ሲመጣስ?»

«ትነግሪኛለሽ፤ አጣራለሁ።»

«እስክታጣራ ጎርፉ ይጠብቃል?»

ከርከሮ ሳቀ። ቀበሮ አልሳቀም። «ያለ ፈቃድ የጮኸ ከነልጁ ከወንዙ ይባረራል» አለ። «የጌታችን ትእዛዝ ነው።»

በበጋ ከዚያ ወንዝ መባረር በውሃ ጥም መሞት ነው። ዳለቻ አጠገቧ የቆመችውን ውርንጭላዋን አየች። የልጇ ጉልበት ገና አልጠናም። ዳለቻ ግን «እሺ» አላለችም።

«እኔ የሰማሁትን እናገራለሁ» ብላ ልጇን ይዛ ሄደች።

እውነቱን ለመናገር ሥርዓቱ መጀመሪያ ሰሞን ሠርቷል። ነብር ከጫካው ዳር ታየ ሲባል ነጋሪቱ ተጎሰመ፣ ሁሉም ሳይጋፋ ወጣ፣ አንበሳም እንቅልፉን ጠገበ። ቀበሮ ተመሰገነ። ከዚያ በኋላ ግን ወሬ ያለው ሁሉ ሰልፍ መያዝ ጀመረ። ጅብም ሥራ ፈትቶ በዋለ ቁጥር አፍንጫውን ከነጋሪቱ ላይ አያነሳም። ዳለቻ ነገሩ አላማራትምና «ያንን ቆዳ ከጅብ አፍ አርቁት» ብላ በአደባባይ ተናገረች። ቀበሮ «የለውጥ አደናቃፊ» የሚል ስም አወጣላት።

አንድ ቀን ቀትር ላይ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ፣ ዳለቻ ወንዙ ዳር ቆማ ጆሮዋ ቀጥ አለ። ከላይ ከደጋው በኩል ድንጋይ የሚያንከባልል ነገር እያጉረመረመ ይመጣል። ደጋው ዘንቧል። ደራሽ ጎርፍ ነው። ውርንጭላዋ ከግልገሎቹ ጋር አሸዋው ላይ ትቦርቃለች፤ አንበሳም እዚያው ጥላ ሥር ያንኮራፋል። ዳለቻ ቀበሮ ወደሚቀመጥበት ድንጋይ ሮጠች።

«ጎርፍ እየመጣ ነው፤ ነጋሪቱን አስመታ» አለችው።

«አይተሻል ወይስ ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ።»

«የተሰማ አንቀበልም፣ የታየ ብቻ ነው። ደግሞ ከርከሮ ቀድሞሻል። ስለ ጉንዳን አቤቱታ አለው።»

ከርከሮ አፍሮ «እኔስ ግዴለም፣ እሷ ትቅደም» አለ።

«ተራ ይከበራል» አለ ቀበሮ።

ዳለቻ እግሮቿን አራርቃ ቆመች፣ አንገቷን ዘረጋች፣ ጥርሷን ገልጣ አናፋች። ቀበሮ «ትባረሪያለሽ» እያለ ቢዘልም የሰማው የለም። ትንፋሿን ሰብስባ ደግማ አናፋች። አሸዋው ላይ የነበሩት ቀና አሉ፤ ያንን ድምፅ ያውቁታል። ድኩላዋ ልጇን እየገፋች፣ ዝንጀሮዋ ልጇን አዝላ ወጡ። ውርንጭላዋም እየተደናበረች እናቷ ሥር ደረሰች። የመጨረሻው አንበሳ ነበር፤ ውሃው እስከ ጎፈሩ ደርሶበት በመከራ ወጣ።

ጎርፉ ግንድ እያንከባለለ ሲያልፍ ሁሉም ከዳር ቆመው አዩት። አንበሳ ጎፈሩ እየተንጠባጠበ «ነጋሪቱ ለምን አልተመታም?» ሲል ጠየቀ።

ሁሉም ወደ ጅብ ዞሩ። ጅብ የታቀፈው ባዶ እንጨት ነበር። ወዲያና ወዲህ አገላበጠው።

«መቼ እንዳለቀ አላውቅም» አለ። «እኔ የቀመስኩት ዳር ዳሩን ብቻ ነበር።»

ቀበሮ ፈጥኖ ገባ። «ጌታዬ፣ ይህ የመሣሪያው ችግር እንጂ የሥርዓቱ አይደለም። ሌላ ቆዳ ከተገኘ በሁለተኛው ዙር እናስተካክለዋለን።» ይህን ሲል ዓይኑ የዳለቻ ጀርባ ላይ አረፈ።

አንበሳ የቀረውን ክብሩን ሰበሰበ። «እመት ዳለቻ፣ ትእዛዜን ጥሰሻል። ቢሆንም ይቅርታ ከጠየቅሽ እምርሻለሁ።»

«አልጠይቅም» አለች ዳለቻ። «ይቅርታ የሚጠይቅ ያጠፋ ነው፣ ጌታዬ። እኔ ልጄንም እርስዎንም ነው ያተረፍኩ። ነጋሪት ካማራችሁ ሌላ አሠሩ፤ ድምፁ ከእኔ ድምፅ ይሻላል። ነገ ጎርፍ ብሰማ ግን ነጋሪቱ ተመታም አልተመታም አናፋለሁ። ካባረሩኝም ማዶ ሆኜ አናፋለሁ።»

ያኔ ያች ጉልበቷ ያልጠና ውርንጭላ አንገቷን ዘርግታ በቀጭን ድምፅ አናፋች። ከርከሮ ተከተላት። ዝንጀሮዋ ጮኸች፣ ድኩላዋም ጮኸች፣ ሸለቆው በድምፅ ሞላ። ቀበሮ «በተራ፣ በተራ» እያለ በመካከላቸው ቢዞርም የሰማው አልነበረም። አንበሳም ያን ቀን አልተኛም።

ከዚህ የምንማረው፣ የትኛውም አዲስ የመረጃ ሥርዓት አፍ ሊያዘጋ ከመጣ፣ አደጋ የሰማ ሁሉ ፈቃድ ሳይጠብቅ መጮህ፣ ከጮኸም በኋላ ይቅርታ አለመጠየቅ እንዳለበት ነው።