ከመርከቡ የገዘፈው ልጅ

ርቆ የሄደ ሰው ሲነሣ በእኛ ሰፈር የምትባል አንዲት አባባል አለች። ሁሉ ይላታል፤ ከየት እንደመጣች ግን የሚያውቅ ጥቂት ነው።

ድሮ ጎንደር ውስጥ ወይዘሮ ትርንጎ የሚባሉ መበለት ነበሩ። አንድ ልጃቸው ዘለቀ ከነጋዴ ጋር ምጽዋ ወርዶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ቦምባይ ወደብ በሸራ መርከብ ላይ ተቀጥሮ ቀረ። የእናት ዓይን መፍዘዝ ሲጀምር ጭንቅ ገባቸው፤ ልጃቸው የሚውልበትን ሳያዩ ሊጨልምባቸው ነው። ቤተ ክርስቲያን የሚሥሉትን አለቃ ፈንቴን፣ «ወደቡን ከነልጄ ሣሉልኝ» ብለው ለመኑ።

አለቃ ከጣና በቀር ሰፊ ውሃ አያውቁም። የሚነግራቸው ቦምባይ ደርሶ የተመለሰው ነጋዴ አደም ነው፤ እርሱ ደግሞ ዓለምን ብቻውን ያየ የሚመስለው ሰው ነበር። «ሸራው ይነፋ! ምሰሶው ይርዘም!» እያለ ከአጠገባቸው አልነሣ አለ። እውነትም መርከቦቹ አማሩ። ዘለቀን ግን «ከወደቡ ሆነው ሲያዩት መርከበኛ የጤፍ ፍሬ ነው» ብሎ የጤፍ ፍሬ አሳክለው እንዲሥሉት አደረገ።

ወይዘሮ ትርንጎ መጥተው ብራናው ላይ ተደፍተው ፈለጉ፣ ፈለጉ። «የት አለ?» አሉ። ቢያሳዩአቸውም አልታያቸውም፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አለቀሱ።

የአለቃ አንጀት አልቻለም። ሴትዮዋ ከሄዱ በኋላ ቀለም በጥብጠው ዘለቀን ከትልቁ መርከብ አስበልጠው፣ ሁለት ዓይኖቹን አጉልተው ሣሉትና እናቱን አስጠሩ።

አደም አብሮ ደረሰ። «ኧረ አለቃ! ይህ ሰው ቢሳፈር መርከቡ ይሰጥማል! ደግሞ መርከበኛ ወደ ባሕሩ ነው የሚያይ፤ በጎኑ ይሣሉት።»

«በጎኑማ አንድ ዓይን ሊሆን ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል በአንድ ዓይን የሚሣለው ይሁዳ ነው፤ የሰው ልጅ ይሁዳ ላድርግ?»

«ያጥፉት እባክዎ! እኔ ያየሁት ወደብ ይህ አይደለም።»

ወይዘሮ ትርንጎ ክርክሩን አልሰሙም። የልጃቸውን ጉንጭ በጣታቸው እየዳሰሱ፣ «ዘለቄ፣ አገኘሁህ። ምነው ከሳህብኝ?» ይሉ ነበር።

አደም ክው አለ። እርሱ ቦምባይ ሲነግድ እናቱ በር በሩን እያየች ነው የሞተችው። ዓይኑ እንባ ሞላና፣ «ይቅር አለቃ፤ አይንኩት» አለ።

ከዚያ ወዲያ በሥዕሉ የሚስቅ እንግዳ በመጣ ቁጥር ቀድሞ የሚመልስለት አደም ራሱ ሆነ፤ «ተው ወንድሜ አትሳቅ፤ ለናፈቀ ዓይን ሰው ከመርከብ ይገዝፋል።»