አረቄ ውስጥ የተነከረው ዓሣ

አንድ ተመራማሪ ከወንዝ ውስጥ እስከዚያ ቀን ማንም ያልመዘገበው ዓሣ አገኘ። ዓሣው ሌላ ወንዝ ውስጥ የለም፤ እዚያም ቢሆን ሊያልቅ ጥቂት ነው የቀረው። እንዳይበሰብስበት አፈ ሰፊ ጠርሙስ ውስጥ ከተተውና በወንዙ አጠገብ ካለ መንደር ከአንዲት አረቄ ሻጭ በገዛው አረቄ ነከረው።

የአገሩ ገዢ ፊታውራሪ ጓንጉል ወሬውን ሰምተው፣ እንደ ልማዳቸው ገና በጠዋቱ ሞቅ ብሏቸው መጡ።

«እንደ እኔ ብርቅ ከሆነ በእኔ ስም ይጠራ!» አሉ።

«ጌታዬ፣ ስም የምናወጣለት መልኩን አይተን ነው» አለ ተመራማሪው ፈራ ተባ እያለ።

ይኼኔ ዓሣውን ለማየት ከተሰበሰበው ሰው መሃል የነበረችውን አረቄ ሻጭ ሳቅ አመለጣት። ፊታውራሪ ዞረው አፈጠጡባት።

«አንቺ! ምን ያስገለፍጥሻል? በይ ፍረጂ፤ ይህ ዓሣ እኔን ይመስላል ወይስ አይመስልም? ይመስላል ብትዪ፣ ጌታሽን ዓሣ ብለሻልና ትታሰሪያለሽ። አይመስልም ብትዪ፣ ስሜን አስቀርተሽብኛልና የአረቄ ጋንሽን አሰብረዋለሁ!»

ሴትዮዋ ጠርሙሱን አንስታ ዓሣውን አየች፤ ፊታውራሪንም አየች፤ ደግማ ዓሣውን አየች።

«እውነቱን ልናገር ጌታዬ፤ ወንዝ ውስጥ እያለ ጨርሶ አይመስልዎትም ነበር። የእኔ አረቄ ውስጥ ከገባ ወዲህ ግን ዓይኑ ፈጦ፣ አፉን ከፍቶ፣ ቁርጥ እርስዎን!» አለች።

ጠርሙሱን ቀስ ብላ እያስቀመጠችም፣ «የምትለያዩት በአንድ ነገር ብቻ ነው» ስትል ጨመረች። «እሱ አንድ ጠርሙስ ይበቃዋል።»