አስም የያዛት ድመት

የፋብሪካ ሥራ አስኪያጁ የአቶ ልሳነወርቅ ድመት አስም ያዛትና የእንስሳት ሐኪም በትንሽ ጭንብል የሚሳብ መድኃኒት አዘዘላት። ድመቲቱ ኮሽ ባለ ቁጥር የምትበረግግ ድንጉጥ ነበረች። የቤት ሠራተኛዋ ግን መጀመሪያ ጭንብሉን አስሸተተቻት፤ ቀጥላ ሥጋ እያስቀመጠች አበላችበት። በወሩ ድመቲቱ በራሷ ፈቃድ አፍንጫዋን ትከትበት ጀመር።

አንድ እሑድ አቶ ልሳነወርቅ ሁለት ምክትሎቻቸውን ምሳ ጋብዘው ሳለ "ዛሬ እኔው እሰጣታለሁ" አሉ። ማጅራቷን ጨምድደው "ሳቢ!" ብለው ቢጮኹባት እጃቸውን ቧጭራ ሶፋ ሥር ገባች።

በእንግዶቻቸው ፊት ስላፈሩ በሠራተኛዋ ላይ ዞሩባት። "ሦስት መቶ ሰው በአንድ ቃል ይታዘዘኛል። ይቺ እኔን እምቢ ብላ ላንቺ የምትታዘዘው ለምንድን ነው? በቂ ምክንያት ከሌለሽ ዛሬውኑ ጓዝሽን ጠቅልለሽ ውጪ።"

ሴትየዋ የተቧጨረውን እጃቸውን አየችና ሥራው ከሄደም ይሂድ ብላ ቆረጠች።

"ጋሼ፣ ሦስት መቶው ሰው የሚታዘዝዎት ትንፍሽ ሳይል ነው" አለቻቸው። "ይሄ መድኃኒት ደግሞ ካልተነፈሱ አይሠራም።"

አቶ ልሳነወርቅ ወደ ምክትሎቻቸው ዞረው "እውነቷን ነው?" ሲሉ ጠየቁ።

ከሁለቱ አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም።