ከታች የተጻፈ ስም

አንድ የፒያኖ መምህር ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ አስተምረው ጡረታ ሲወጡ፣ በቦታቸው የተተካው ራሳቸው ያሳደጉት ተማሪ፣ ያፌት ነው። እሳቸው ግን «ተተካ» አላሉም። «ገፍቶ አስወጣኝ» አሉ። ማን ነገራቸው? ማንም!

ይህ ያፌት አዲስ የሙዚቃ ድርሰት አዘጋጀና መጥተው እንዲሰሙ ጋበዛቸው። «ደግሞ ለምን ጠራኝ?» አሏቸው ባለቤታቸውን። «ምን ሊያሳየኝ ነው?» ቢሆንም ሄዱ።

ሙዚቃው ተጀመረ። ከታች፣ በወፍራሙ ድምፅ፣ ስድስት ኖታ ይመላለሳል። ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ኤ። መምህሩ ደነገጡ። የፒያኖ ድምፆች በላቲን ፊደል ይጠራሉ፤ የጥንት አቀናባሪዎችም በእነዚያ ፊደላት የሰው ስም በዜማ ይጽፉ ነበር። ይህን ለያፌት ያስተማሩት ራሳቸው ናቸው። ስድስቱን ፊደሎች በላቲን ጻፉና አንድ ላይ አንብቧቸው እስቲ። «ደገፋ» ይላሉ። የእሳቸው ስም!

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። በምን ሳቀ? ጋሽ ደገፋ አልጠየቁም። «በእኔ ነው» አሉ። «ስሜን መሬት ለመሬት እየጎተተ ያሾፍብኛል።» ሙዚቃው ሳያልቅ ተነስተው ወጡ።

በማግስቱ ያፌት ቤታቸው መጣ። ባለቤታቸው አስገቡት።

«ቤቴ ድረስ ልትሳለቅብኝ መጣህ?»

ያፌት ፒያኖው ላይ ተቀመጠና በቀኝ እጁ የላይኛውን ብቻ ተጫወተ። ዜማው ያምራል፤ ግን ይዋልላል፣ ማረፊያ የለውም።

«ጋሼ፣ የግራ እጁን፣ የታችኛውን፣ እርስዎ ይጫወቱልኝ።»

«አልጫወትም!»

እንደገና ጀመረ። እንደገና። ጋሽ ደገፋ መምህር ናቸውና ጆሯቸው አልቻለም። አጠገቡ ቁጭ ብለው ከታች የራሳቸውን ስም ሲጫወቱ፣ ሲዋልል የነበረው ዜማ ረጋ።

«ታዲያ ለምን ከላይ አልጻፍከኝም?» አሉ።

«ከላይ ያለሁት እኔ ነኝ፣ ጋሼ። ያለ እርስዎ አልቆምም።»

ሽማግሌው እጃቸውን ከፒያኖው ሳያነሱ አለቀሱ።

ወገኖቼ፣ ስማችሁ በሰው አፍ ሲነሳ ምን ይመስላችኋል? ሁለት ሰዎች ቆመው ሲያወሩ ደርሳችሁ ዝም ቢሉ፣ «እኔን ነው» አላላችሁም? በጸሎት መካከል ስማችሁ ሲጠራ እንኳ «ምን ሰምተውብኝ ነው?» ያላችሁ የላችሁም? ስንቱን ሰው ቀርባችሁ ሳትጠይቁ ፈረዳችሁበት? ስንቱን ነገር ሳያልቅ ጥላችሁ ወጣችሁ?

ዛሬ ያን የምትጠረጥሩትን ሰው ሂዱና ጠይቁት። «ስሜን ያነሳኸው ለምንድን ነው?» በሉት። ምናልባት እውነትም ሲያማችሁ ነበር። ምናልባት ግን፣ ያለ እናንተ መቆም ያቃተው ሰው ነው።